መጀመሪያ አንኳኳ፣ ከዚያ ሰላም በል

ሰው አላምንም። ይህን የምለው ልፎክርበት አይደለም፤ ባለቤቴ ጥሩወርቅም እንደ ክፉ አመል እንጂ እንደ ሙያ ቆጥራው አታውቅም። «አንተ እኮ ስትሞት ሊወስዱህ የመጡትን መላእክት መታወቂያ ትጠይቃለህ» ትለኛለች። እጠይቃለሁ፣ ምን ነውር አለው? ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም ይኖራል ስንጥር ሲባል የሰማሁት ከእናቴ ነው፤ እውነት መሆኑን ያየሁት ግን በቀለም ሥራ ነው።

አሁን ሥራ የለኝም። ካዛንቺስ ከሆቴሎቹ ጀርባ የነበረችው የቀለም ቤቴ ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ አብራ ተነሣች። ሌላ ቦታ ሄጄ ልጀምር ብል ሳንባዬ እሺ አላለኝም። ኮምፕሬሰሬን የገዛኝ ጎረምሳ ዋጋ አልተከራከረኝም፤ ለምን እንዳልተከራከረ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እቤት መዋል ስጀምር ልጆቼ «የሥራ ዘመንህን ንገረንና እኛ እንጽፈው» አሉኝ። የፈለጉት የሹማምንት መኪና ወሬ ነበር። እሱማ ሞልቷል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ከነካሁት ነገር ሁሉ ከሐሳቤ የማይወጣው አንድ ሰማያዊ የሞተር ሄልሜት ነው። እሱንም አልቀባሁትም። ስለዚህ ብዕሩን ራሴ ያዝኩ፤ ልጆቼም ቢሆኑ ሲጽፉት ምን እንደሚጨምሩበት አይታወቅማ።

ሙያውን የተማርኩት ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል በነበረ የአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ነው። የገባሁት መኪና አጣቢ ሆኜ ነበር፤ ቀለም ክፍል የሳበኝ ጋሽ መኩሪያ ነው። ቀጭን ሰው ነበር፣ በበጋም ካፖርቱን የማያወልቅ፣ ሲናገር ተጠግተህ ካልሰማኸው የማይሰማ። መኪና ሲመጣለት ባለቤቱን ቀና ብሎ አያይም። የመሃል ጣቱን አጥፎ በአንጓው ከኮፈኑ ይጀምርና ፓራፋንጎውን፣ በሮቹን፣ ጣሪያውን እያንኳኳ ይዞራል። ጆሮውን ያስጠጋል። የተገጨ ቦታ የሚሞላበት ስቱኮ የተለጠፈበት ቦታ ሲደርስ የላሜራው ድምፅ ይታፈናል፤ እሱም እዚያ ላይ ይቆምና እንደገና ያንኳኳል። ዞሮ ሲጨርስ ነው እጁን በካፖርቱ ጠርጎ ለባለቤቱ «ጤና ይስጥልኝ» የሚለው።

አንድ ጊዜ አንድ የመምሪያ ኃላፊ በዚህ ተቆጣ። የእግዜር ሰላምታ የማያውቅ ሠራተኛ ብሎ ጮኸበት። ጋሽ መኩሪያ ሳይደነግጥ «ጌታዬ፣ ሰላም ካልኩዎት በኋላ የሚነግሩኝን አምናለሁ፤ ካመንኩ ደግሞ ጆሮዬ አይሰማም» አለው። በዚያ ሳምንት ማስጠንቀቂያ ደረሰው። እኔን ግን ወደ ጥግ ወስዶ «አየህ ታደለ፣ መጀመሪያ አንኳኳ፣ ከዚያ ሰላም በል። ቀለም የሚያስቀባ ሰው ወይ ሊያጌጥ ነው ወይ ሊደብቅ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ክዳን አትክፈት» አለኝ።

ቲነርንም አያምንም ነበር። አዲስ ጣሳ ሲመጣ መዳፉ ላይ ጠብ ያደርግና ሲተን ይጠብቃል። መዳፉ ላይ ወዝ ከቀረ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበታል ማለት ነው፤ ያንን ጣሳ ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ራሱ ባልከፈተው ቆርቆሮ ቀለም አይቀባም። እኔ የከፈትኩትን እንኳ ክዳኑን አገላብጦ አይቶ ነው። መጀመሪያ ላይ ይሄ ነገር ያናድደኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። በኋላ ግን አመሉ ሳላውቀው ወደ እኔ ተጋባ።

ከዚያ ጋራዥ ስወጣ ሰንጋ ተራ አካባቢ አንድ የግል ጋራዥ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ጥሩ ነበር፤ ስለ ደመወዝ የምለው ይኸው ነው። ባለቤቱ ሳቂታ፣ ትከሻ መታ መታ የሚያደርግ ሰው ነበር። ቃሉ አንድ ብቻ ነው፣ «ቅባና ልቀቀው»። አንድ ቀን ለሽያጭ የሚዘጋጅ መኪና አመጣልኝ። ሳንኳኳው ግማሽ አካሉ አንድ ዓይነት ድምፅ፣ ግማሹ ሌላ ዓይነት ድምፅ ሰጠኝ። ከሁለት የተገጨ መኪና አንድ አውጥተዋል። አልቀባም አልኩ። እሱም እየሳቀ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና አባረረኝ። እየሳቀ የሚያባርር ሰው ሳይ ዛሬም ወደ ኋላ እላለሁ።

እንዲህ እንዲህ ስል ካዛንቺስ የራሴን ቀለም ቤት ከፈትኩ። ለመኪና ጠባብ ነበረች። ለነገሩ መኪናውም እየቀረ ሄደ፤ በቦታው ሞተር መጣ። ምግብ የሚያደርሱ፣ ዕቃ የሚያደርሱ፣ ወጣቶች ሁሉ ሞተር ላይ ወጡ። ለአንዱ የክለቡን ቀለም፣ ለአንዱ እሳት፣ ለአንዱ ንስር፣ ለብዙዎቹ የሚማጸኑትን ታቦት ስም ሄልሜታቸው ላይ አድርግልኝ ይሉኛል። ሥራው ደስ ይል ነበር። ሄልሜት ግን መኪና አይደለም፤ ይህን የተማርኩት በክፉ መንገድ ነው።

የመጀመሪያዬን ሄልሜት ልክ እንደ መኪና በር አጠብኩት፣ በቲነር። ደማቅ ቀይ ቀባሁት። ውበቱ ሌላ ነው፤ የሱቄ በር ላይ ሰቅዬው መንገደኛው ሁሉ ሲያየው ዋለ። ባለቤቱ ወሰደው፣ ሰነባበተና ይዞት ተመለሰ። ከጠርዙ በላይ ፀጉር የሚያክሉ ስንጥቆች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተዋል። በሁለት እጄ ይዤ ግራና ቀኝ ጫን ሳደርገው ጠሽ ብሎ ተከፈለ። ፕላስቲኩን ቲነሩ ከውስጥ በልቶት ነበር። ልጁ ሳቀ፤ እኔ ግን ጣሳ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ቀን ከተማውን የዞረው ያንን አድርጎ ነው። ጋሽ መኩሪያ ያኔ ጡረታ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ይጠይቀኝ ነበር። ሁለቱን ስባሪ አንሥቶ አያቸው፣ አልተቆጣኝም። «መኪና ሲሰበር ላሜራ ነው፤ ይሄ ሲሰበር ሰው ነው። ሁለቱን በአንድ ውኃ አትጠብ» ብሎኝ ሄደ። ነፍሱን ይማረው።

ከዚያ ወዲህ ሄልሜት ሲመጣልኝ መስታወቱንና የውስጥ ጨርቁን አወልቃለሁ። ከጨርቁ ሥር ቴሌቪዥን ተጠቅልሎ የሚመጣበትን የሚመስል ነጭ ፎም አለ፤ የሰው ሕይወት ያለው እሱ ላይ ነው። ሲመታ እሱ ይጎደጉድና ጭንቅላትን ያተርፋል፤ አንዴ ከጎደጎደ ግን አይመለስም። በባትሪ እያበራሁ በአውራ ጣቴ እየዳሰስኩ እዞረዋለሁ። ከዚያ ቅርፊቱን አንኳኳለሁ። የወደቀ ከሆነ፣ ስንጥቅ ካለው፣ ከጀርባው የጥራት ምልክቱ ተልጦ ከሆነ አልቀባም። ደህና ከሆነ በለብታ ውኃና በሳሙና ብቻ አጥባለሁ። በደቃቅ የውኃ ብርጭቆ ወረቀት ወዙን ብቻ አነሣለሁ፣ አልፍቅም። ጎማውን፣ የአየር ቀዳዳውን፣ የአገጭ ማሰሪያውን፣ ምልክቱን በወረቀት ፕላስተር እሸፍናለሁ፤ ውስጡን ብናኝ እንዳይገባ በጨርቅ እሞላለሁ። አንድ ጠብታ ቲነር ፎሙ ላይ ቢያርፍ እንደ ቅቤ ያቀልጠዋል። በውኃ የሚበጠበጥ ቀለም በስሱ፣ እየደጋገምኩ፣ እያደረቅኩ። ፀሐይ ላይ አላወጣም፣ መብራት አላስጠጋም፣ በጥላ ነው የሚደርቀው። ብሎን ለማሰር ብሳልኝ የሚለኝን አባርራለሁ። ስቱኮ ለጥፍልኝ የሚለኝን ደግሞ ስሙን እጠይቃለሁ፣ እንዳልረሳው።

ዳዊት የመጣው በዚህ መሃል ነው። ምግብ አድራሽ ነው፣ ቀጠን ያለ፣ ጨዋ የሚመስል ልጅ። ጨዋ መምሰሉን አልወደድኩትም። እስከዚያ ቀን የሚያደርገው ቅል የምታክል ርካሽ ነገር እንደነበረ መንገድ ላይ አይቼው አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ይዞ የመጣው ሙሉ ፊት የሚሸፍን፣ ከውጭ የገባ፣ ጥሩ ሰማያዊ ሄልሜት ነበር። የደሞዙን ልክ አላውቅም፤ የዚያን ሄልሜት ዓይነት ግን አውቃለሁ። ተቀብዬው ሰላም ሳልለው አገላበጥኩት። የግራ ጎኑ ላይ በብሩሽ ሌላ ሰማያዊ ተቀብቶበታል፤ የግቢ በር የሚቀባበት የዘይት ቀለም። የብሩሹ አንድ ፀጉር ሳይቀር እዚያው ደርቆ ተጣብቋል። ውስጡን ሳሸተው በረኪና በረኪና ይላል።

በሆዴ፣ ያዝኩህ አልኩ። ማነው ሄልሜት በበረኪና የሚያጥብ? የሌላ ሰው ጠረን ማጥፋት የፈለገ ነው። ማነው ምልክት ላይ ቀለም የሚያላክክ? የባለቤቱን ዓይን የፈራ ነው። ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። «ስጦታ ነው ጋሼ» አለና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ከማን ብለው የሞተሩን ቁልፍ ማሽከርከር ያዘ። ምን ላድርግልህ ብለው ግን አፉ ተፈታ፤ ይሄን የተላከከውን ቦታ አስተካክለው ሰማያዊው ግን እንዳይለወጥ፣ ልክ ይሄው ራሱ ሰማያዊ እንዲሆን አለኝ። ደጋግሞ ነው የነገረኝ። እዚህ ላይ ነገሩ ተምታታብኝ። ሌባ ቢሆን ቀለሙን ለውጥልኝ ነበር የሚለው። ያልገባኝን ነገር ደግሞ ይበልጥ እጠረጥራለሁ። ነገ ና ብዬ ላክሁት።

ሲሄድ ጨርቁን አወጣሁ። በግራ በኩል ነጩ ፎም ጎድጉዷል፤ አውራ ጣቴ ቁጭ ብላ ገባችበት። ከውጭ ሳንኳኳው የቀኙ ጎን ጥርት ብሎ ጮኸ፣ የግራው ዱብ አለ። ያ የበር ቀለም ስንጥቅ ነበር የሸፈነው። የሌባውን ነገር ለጊዜው ተውኩት። ይሄ ልጅ በማግስቱ ይሄን አጥልቆ በመስቀል ፍላወር ቁልቁለት በፍጥነት ሊወርድ ነው፤ ቢወድቅ ደግሞ ጭንቅላቱ ላይ ያለው ቀለም ብቻ ነው።

በማግስቱ ሲመጣ እንደማልቀባው፣ እንደማልመልስለትም ነገርኩት። ቀለሙ ይቅር፣ ሄልሜቱን ይስጡኝ አለ። አልሰጥም አልኩ፤ ብሰጠው ቀጥሎ ያለው ቀቢ ያለምንም ጥያቄ አሳምሮ እንደሚቀባለት አውቃለሁ። እዚያም እዚያም ስንባባል ድምፃችን ከፍ አለ፣ ጎረቤት ወጣ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቀለም ቀቢ ነዎት ወይስ ፖሊስ?» አለኝ።

«ቀለም ቀቢ ነኝ። ለዚህ ነው የማልሰጥህ።»

እንባ ባቀረረ ዓይን አይቶኝ ያለ ሄልሜት ሞተሩን እየገፋ ሄደ። ያኔ ሰፈሩ በእኔ ላይ ዞረ። ጋሽ ታደለ ውድ ዕቃ አይቶ ዓይኑ ቀላ ተባለ። የመኪና ጠባቂው ሰላምታ ነሣኝ። ምሳ የምበላባት ሴትዮ ወጡን ስታወጣልኝ ፊቷን አዞረች። ሰው ሲጠረጥርህ ምን እንደሚመስል የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ አላውቅም ነበር። ዕድሜ ልኬን ሌላውን ሳንኳኳ ኖሬ የራሴ ተራ ሲደርስ ቻል አላደረግኩትም፣ ተናደድኩ።

ማታ እራት ላይ ለጥሩወርቅ ነገርኳት። ትስቃለች ያልኳት ሴት አልሳቀችም። በረኪናውን ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ፣ የበሩን ቀለምም። ቆይታ «ልጁ ዓይኑን መሬት ላይ የጣለው ሰርቆ ላይሆን ይችላል እኮ። የሞተ ሰው ነገር ቢሆንስ?» አለችኝ። የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት። የወንድሟን ልብስ ከአርባው በኋላ አጥባ፣ ተኩሳ፣ የተቀደደችውን ኪስ ሰፍታ ለደጀ ሰላም ሰዎች የሰጠችው እኔው ፊት ነው። ያንን አይቼ ይሄን አለማሰቤ ገረመኝ።

በማግስቱ ዳዊት ጥቁር የለበሱ እናት ይዞ መጣ። እትዬ አሰለፈች ይባላሉ፣ ከእኔ በትንሽ ይበልጣሉ። ሱቄ በር ላይ ቆመው ዙሪያውን አዩና ሄልሜቱን መደርደሪያ ላይ ሲያገኙት እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳላንኳኳ ሰላም አልኩ።

«የጠረጠሩት ልጅ የልጄ ጓደኛ ነው» አሉኝ። «ሄልሜቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። የሟች ልጄ የሚኪያስ ነው።»

ወንበር ሰጠኋቸው። ሚኪያስና ዳዊት አብረው ነበር ምግብ የሚያደርሱት። ሚኪያስን የጭነት መኪና ገጨው። አርባው ሲወጣ እናትየው እንደ ወጉ ልብሱን ለነዳያን አካፈሉ፤ ሄልሜቱን ግን ለዳዊት አሉ። ለነፍሱ የሚሰጥ ነገር ነውር እንዳይኖርበት ብለው ውስጡን በፈላ ውኃና በበረኪና አጠቡት። የተቦጨቀው ጎኑ ዓይን እንዳይወጋ ደግሞ ከግቢው በር የተረፈውን ሰማያዊ ቀለም ራሳቸው በብሩሽ ቀቡት። ዳዊትን አንድ ነገር ብቻ ለመኑት፣ በእሳቸው በር በኩል ሲያልፍ እንዲያደርገው። ሰማያዊው ሲያልፍ በረንዳቸው ላይ ሆነው ያዩታል። ልጁ ከየት እንዳመጣው ያልነገረኝ የሟች ነገር ነው ቢለኝ አልነካም እንዳልል ፈርቶ ነው። በረኪናው፣ ቀለሙ፣ የልጁ ዓይን፣ እኔ ሌብነት ያነበብኩበት ሁሉ የእናት እጅ ነበር። አፈርኩ። ግን ደግሞ ፎሙ ጎድጉዷል፤ የኔ ማፈር ፎሙን አያነሣውም።

እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ጨነቀኝ። ሙያዬ ሰው መናገር አይደለም። በመጨረሻ አንድ ደህና ሄልሜት ከመደርደሪያ አወረድኩና ፊታቸው አስቀምጬ በጣታቸው እንዲያንኳኩት ጠየቅኳቸው። አንኳኩ። የልጃቸውን ሄልሜት በቀኝ በኩል እንዲያንኳኩ አደረግኩ፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወደ ግራ አዞርኩት። አንኳኩና ቆሙ። እንደገና አንኳኩ። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠግተው፣ ልክ እንደ ጋሽ መኩሪያ፣ ሦስተኛ አንኳኩ። እኔም ጣታቸውን ይዤ ጎድጓዳው ፎም ላይ አሳረፍኩት።

«ዳዊትን አያድነውም ማለት ነው?»

«አያድነውም እትዬ። ቢወድቅ እንደ እንቁላል ቅርፊት ነው።»

ዳዊት ጣልቃ ገባ። ለእሱ ግድ እንደሌለው፣ ቀስ ብሎ እንደሚነዳ፣ እንደማያወልቀው ተናገረ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ይሄ ልጅ ጠርጥሯል። ጠርጥሮም ለሴትየዋ ሲል ሊያጠልቀው ቆርጧል። እሳቸውም ገባቸው መሰል ቀና ብለው አዩት፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው የፈራሁትን ጠየቁኝ።

«ልጄንስ? ልጄንም አላዳነውም ማለት ነው?»

በዚህ ሙያ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ዝም ብዬ ላጽናና ብል ራሴን አላምነውም። ሐኪሞቹ ምን እንዳሏቸው ጠየቅኩ። የገደለው የሆድ ውስጥ መድማት ነው አሉኝ፤ ጭንቅላቱ ደህና ነበር። ሆስፒታል በተኛባቸው ቀኖች እስከ መጨረሻው እያወራቸው፣ እጃቸውን ይዞ፣ እናቴ ሾርባው ጨው የለውም እያለ ሲቀልድ ነበር።

«እንግዲያውስ ሠርቷል» አልኳቸው። «ያንን ሁሉ ምት ይሄ ፎም ነው የተቀበለው። ያወራችሁበትን ጊዜ የሰጣችሁ ይሄ ነው። ሄልሜት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው። ይሄ ሥራውን ጨርሷል።»

እትዬ አሰለፈች ሄልሜቱን ጭናቸው ላይ አድርገው የበሩን ቀለም በአውራ ጣታቸው ሲደባብሱት ቆዩ። ከዚያ እርስዎ ማለታቸውን ተዉና «መቀስ አለህ?» አሉኝ። ሰጠኋቸው። የአገጭ ማሰሪያውን ያዙ። ጠንካራ ነው፣ በአንዴ አይቆረጥም፤ ዳዊት ሊያግዛቸው እጁን ሲዘረጋ በክርናቸው መለሱት። ግራውንም ቀኙንም ራሳቸው ቆረጡት፣ ማንም ሁለተኛ እንዳያደርገው። ቆርጠው ሲጨርሱ አለቀሱ። እኛም አለቀስን፤ የምን መደበቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ለመኑኝ። የእሳቸውን ቀለም እንዳነሣላቸው። ሰው ሁሉ ቀለም አድርግልኝ ብሎኛል፤ አንሣልኝ ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። እዚያው ቁጭ እንዳሉ በውኃና በደቃቅ ወረቀት ቀስ እያልኩ ያንን የበር ሰማያዊ አነሣሁት፣ የብሩሹን ፀጉርም። ከሥሩ አስፋልት የበላው ቦታ ወጣ። እንደ ሕፃን አቅፈውት ሄዱ።

ለዳዊት ሌላ አዲስ ሄልሜት ተገዛ፤ እሳቸውም፣ እኔም፣ ሞተረኞቹም አዋጣን። ሰማያዊውን ለማግኘት ብዙ ጊዜ በጠበጥኩ፤ ከሚኪያስ ሄልሜት አጠገብ አድርጌ በጠዋት ብርሃን፣ በቀትር፣ በደመና አስተያየሁት። ሲያልቅ ጥሩወርቅን ጠርቼ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይ አልኳት፣ አልለየችም። ሰፈርተኛው ሰላምታዬን መለሰልኝ። የመኪና ጠባቂው ይቅርታ ሲጠይቀኝ ግን ምን ፈልጎ ይሆን አልኩ፣ አመል ነዋ።

ቀለም ቤቴ ልትፈርስ ስትል፣ ዕቃ እያሸግኩ፣ ዳዊት መጣ። ሞተሩን ሩቅ አቁሞ በእግሩ ነው የመጣው። በዚያን ጊዜ ልማድ አድርገነው ነበር፤ ሲያገኘኝ ሄልሜቱን አውልቆ ያቀብለኛል፣ አንኳኳለሁ፣ ከዚያ ሰላም እንባባላለን። ያን ቀን አላቀበለኝም። ዝናብ አንሸራቶት እንደነበር፣ ክንዱ ብቻ እንደተላጠ እያንተባተበ ነገረኝ። ነጥቄው አንኳኳሁ። ዱብ አለ። ፎሙን ዳሰስኩ፣ ጎድጉዷል። ልጁ ግን ፊቴ ቆሞ ያወራኛል።

«እትዬ እንዳይሰሙብኝ» አለኝ። «ሁለተኛ አይችሉትም።»

ያሸግኩትን መልሼ ፈታሁ። ዳዊት ሌላ አዲስ ሄልሜት ገዝቶ አመጣ፣ ሌላ ኩባንያ የሠራው ነበር፣ ያው ዓይነት አላገኘም። የተረፈኝን ሰማያዊ ቀለም አወጣሁና ቀባሁት። በዚያች ቤት የመጨረሻ ሥራዬ እሱ ነው። ጋሽ መኩሪያ ቢያየኝ ሊያጌጥ ነው ወይስ ሊደብቅ ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ልደብቅ ነበር፣ አልዋሽም። የተመታውን ማሰሪያውን ቆርጬ ጣልኩት።

እትዬ አሰለፈችም ከሰፈሩ ተነሥተው አሁን ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። በቅርቡ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሄልሜቱ ከሚኪያስ ፎቶ ሥር ኮመዲኖ ላይ ተቀምጧል። እሳቸው ሻይ ሊያፈሉ ሲገቡ ተነሥቼ ማሰሪያውን ሳብ አደረግኩት፤ ሰው ሆነው ለሌላ ሰው ጠግነው ቢሰጡትስ ብዬ። እንደተቆረጠ ነው። ዞር ስል በር ላይ ቆመው ያዩኛል።

«አሁንም አላመንከኝም?»

«አላመንኩም እትዬ።»

«ጎሽ። አትመን» አሉና ሻዩን አስቀመጡ። ተቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዳዊት ወድቆ ነበር እንዴ?» አሉኝ።

ኧረ አልወደቀም አልኩ፣ ፈጥኜ።

«እኔም እኮ ሲመጣ ሰላም ከማለቴ በፊት ሄልሜቱን አንኳኳለሁ» አሉ። «ሰማያዊው ያው ነው፣ ጎበዝ ነህ። ድምፁ ግን ሌላ ነው።»

ስኒዬን አነሣሁ።

«እንዳወቅኩ እንዳትነግረው» አሉኝ። «ብቻ ተርፏል አይደል?»

«ተርፏል» አልኩ።

ስኳር ጨመሩልኝና ሻያችንን ጠጣን።